የኤርሜሊንዳ ስእለት

ኑ ልጆቼ፣ እዚህ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። ድንጋዩ ፀሐይ ሲጠጣ ስለዋለ ይሞቃል። ነፋሱ ከባሕሩ ሳይነሳ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት ታዩታላችሁ? ጭስ ማውጫው ለጸሎት እንደተጋጠሙ ሁለት መዳፎች የሆነውን? እሱ የኢዳሊና ቤት ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ነገሩ የሆነው እዚያ ነው። እኔም የቅርብ ጎረቤት ነኝና የሆነው ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው።

ኢዳሊና ኤርሜሊንዳ የሚባሉ ታላቅ እህት ነበሯቸው። ኤርሜሊንዳ በወጣትነታቸው ባላቸውን ተከትለው፣ ሕፃኗን ልጃቸውን ናታሊያን አቅፈው፣ ከዚህች ደሴት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዱ። ከዚህ አገር የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ላም እያለቡ ኖሩ፣ እዚያው ወንድ ልጅ ጨመሩ፣ እዚያው አርጅተው አረፉ። ኢዳሊና ግን ባል ሳያገቡ የወላጆቻቸውን ቤት ሲጠብቁ ቀሩ።

አንድ ዓመት የጰራቅሊጦስ ሰሞን የኤርሜሊንዳ ሁለት የልጅ ልጆች መጡ። ዴልፊና የወንድ ልጃቸው ልጅ ናት። ብሬንዳ ደግሞ የዚያች ታቅፋ የሄደችው የናታሊያ ልጅ ናት። ሁለቱም አርባን የተሻገሩ ሴቶች ናቸው።

ጉዞውን ያሰበችው ዴልፊና ነች። ምን ማሰብ ብቻ! ከልጅነቷ ጀምሮ ስትኖረው የነበረ ጉዞ ነው። ከሥራ መልስ ቋንቋችንን ፖርቱጋልኛን ስትማር ዓመታት ፈጅታለች። የደሴቲቱን ነገሥታትና መርከቦች፣ የአንግራን ከተማ ግንብና በር፣ የእኛን የራሳችንን ጸሎትና ዜማ ሳይቀር አጥንታ ነው የመጣችው። ብሬንዳን ያስከተለቻት በአዘኔታ ነበር። ባሏ ጥሏት ሄዶ በር ዘግታ ስታለቅስ አይታት፣ «ነይ አብረን እንሂድ፣ ትንሽ ንፋስ ይንካሽ» አለቻት። ብሬንዳ እግዜር ይስጥልኝ የሚለውን ቃል እንኳ በቋንቋችን አታውቅም።

የመጡ ዕለት ኢዳሊና ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኔም ዳቦ ጋጋሪዋ ዜፌሪናም፣ የሰፈሩ ሰው ግማሹም፣ ሥራ እንዳለው ሰው መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ እንል ነበር። ዴልፊና ከመኪናው ወረደች። ነጭ ሸሚዟ ተተኩሶ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ። አውሮፕላን ውስጥ ስትለማመደው የመጣችውን ንግግር ጀመረች።

«አክስቴ፣ እኔ የእህትዎ የኤርሜሊንዳ የልጅ ልጅ ነኝ። ወደ አባቶቼ ቤት...»

አልጨረሰችውም። ብሬንዳ ሻንጣ ልታወጣ ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብላ ነበርና በዚያች ቅጽበት ቀና አለች። ኢዳሊና በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ልጃገረድ ዴልፊናን አልፈው ሮጡ።

«ኤርሜሊንዳ! እህቴ! እህቴ!»

አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። የብሬንዳ ፊት እውነትም ቁርጥ የኤርሜሊንዳ ነበር። ግንባሩ፣ ሰፊው አፍ፣ ሲስቅ የሚጠፋው ዓይን።

«ወይ ተዓምር!» አለች ዜፌሪና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሞተች ያላችሁን ሴትዮ ወፍራ መጣችልን እንዴ!»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ብሬንዳ ታቅፋ እንደተያዘች፣ ዕንባዋም ሳቋም እየቀደማት፣ «ምን አሉ? ዴልፊና፣ ምንድን ነው የሚሉት?» አለች በእንግሊዝኛ።

ዴልፊና ትንሽ አሰበች። «ወፍራለች አሉ» አለቻት።

ይህን ስሰማ ሳቄን ዋጥኩ። እኔ በጎልማሳነቴ ካሊፎርኒያ፣ ቱላሪ የሚባል አገር ላም አልብ ስለነበር እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ለዴልፊና ግን በእንግሊዝኛ መልሼላት አላውቅም። ያንን በላብ ያገኘችውን ፖርቱጋልኛዋን እንደ አዲስ ጫማ ስትጫማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን ላስወልቃት?

እንዲህ ነው የተጀመረው። ኢዳሊና ለብሬንዳ የኤርሜሊንዳን አልጋ፣ ያንን የተጠረበ እንጨት ያለውን፣ በራሳቸው እጅ በተሠራ ዳንቴል አነጠፉላት። ለዴልፊና በቆሎ የሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ ተዘረጋላት። አክስቷ ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም፤ ሌላ አልጋ የለም። ዴልፊና ግን የተኛችበትን አልጋ ሳይሆን ያልተኛችበትን ነው ስትቆጥር ያደረችው።

በአሮጌ መኪናዬ አንግራ ይዣቸው ወረድኩ። ዴልፊና መንገዱ ላይ ቆማ ታስረዳለች። ከህንድ የሚመለሱ መርከቦች የት መልሕቅ እንደጣሉ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ የትኛውን ደወል እንዳወረደ፣ በረንዳዎቹ ለምን ወደ ባሕሩ እንደተመለከቱ ትነግራለች። እኔ የተወለድኩበት አገር ነው፤ ቢሆንም አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር። ብሬንዳ አይስክሬም ትልሳለች። አንዲት ባልቴት ግን ከበረንዳዋ ላይ ሆና፣ «አንቺ! የቤላ ቪስታዎቹ፣ የእነኢዳሊና ዘር አይደለሽም? በግንባርሽ አወቅሁሽ!» ብላ የተጣራችው ብሬንዳን ነው። አበባ ወረወረችላት። ዴልፊና አበባውን ከመሬት አንስታ ሰጠቻት።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ደህና ዋሉ አሉ።»

በየቀኑ የምታስቀረው ይጨምር ነበር። «የኔ ማር» ሲሏት «እንዴት ነሽ» ይሆናል። «ያንቺን ፊት ሳላይ መሞቴ ነበር» ሲሏት «ደስ ብሎናል» ይሆናል። ቅናት ልጆቼ፣ መጀመሪያ የሚቆርጠው ከራስ አይደለም፤ ከሌላው ድርሻ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ዴልፊናን በዚህ ክፉ ናት እንዳትሉብኝ። ምሽት ላይ ብቻዋን ወደዚህ ግንብ ትመጣና፣ «አጎት ቤንቪንዶ፣ ይህ ድንጋይ በየትኛው ዘመን ተካበ?» ትለኝ ነበር። ድንጋዩን ስትዳብስ ሳያት አንጀቴን ትበላው ነበር። ድንጋይ እንኳ የሚያውቃት ቢሆን ብላ የምትመኝ ትመስል ነበር።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የመንፈስ ቅዱስ ዘውድ ኢዳሊና ቤት ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ዕጣው በወጣለት ቤት ያ አናቱ ላይ ርግብ ያለበት የብር ዘውድ ሳምንቱን ይሰነብታል፣ ጎረቤት እየመጣ ይጸልይበታል። እሁድ አንድ ሰው ከቤቱ ይዞት ይወጣል፣ ቄሱ ራሱ ላይ ይጭኑለታል፣ ከዚያ መንደሩ በሙሉ በመረቅ የራሰውን ዳቦ ይበላል። ኢዳሊና ዕጣ ሳይወጣላቸው ስንት ዘመን ኖረው፣ ልክ እነዚህ ልጆች በሚመጡበት ዓመት ወጣላቸው። ስማቸው ሲጠራ አለቀሱ። እኔ የደስታ መስሎኝ ነበር።

አሁን ካሊፎርኒያ ያሉት ወገኖቻችን ይህን በዓል እንዴት እንደሚያከብሩት ካልነገርኳችሁ የዴልፊና ስህተት አይገባችሁም። እዚያ ዘውዱን የምታጅብ ንግሥት ይመርጣሉ። ልጃገረድ ናት፤ ከትከሻዋ ጀምሮ መሬት ለመሬት የሚጎተት፣ በዶቃና በወርቅ ክር ያበደ ካባ ይለብሷታል። ካባው ከመክበዱ የተነሳ ጫፉን የሚሸከሙ ልጃገረዶች ይከተላሉ። የማን ልጅ ነች፣ ምን ያህል ቆንጆ ነች፣ አባቷ ስንት ላም አለው ነው ነገሩ። ብሬንዳ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ንግሥት ነበረች። ዴልፊና ካባ ተሸካሚ።

ሐሙስ ቀን ማዕድ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዴልፊና ለእሁዱ ዳቦ ዱቄት ትነፋለች። እኔ በሩ አጠገብ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ብሬንዳ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሚያማትን ጉልበቷን ታሻለች። ኢዳሊና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተነሱና የብሬንዳን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዴልፊና፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከብሬንዳ ሳይነቅሉ። «ንገሪልኝ። እሁድ ዘውዱን ከዚህ ቤት ይዛልኝ እንድትወጣ እፈልጋለሁ በያት። ቄሱ ይጭኑላታል፣ ደፍታው ትመለሳለች። ኢዳሊና ለመነችሽ በያት።»

ዴልፊና ወንፊቱን እንደያዘች ደረቀች። ዱቄቱ መውረዱን አቆመ። 

«ብሬንዳ» አለች በእንግሊዝኛ። ድምጿ ለስላሳ ነበር። «አክስቴ ስለ እሁዱ ሰልፍ ነው የሚሉት። መንገዱ ዳገት ነው፣ ፀሐዩም አይቻልም። በዚያ ጉልበትሽ ከምትሄጂ እዚህ ወንበር ወጥቶልሽ ብታዪ ቅር ይልሻል ወይ ነው የሚሉት።»

ብሬንዳ ሳቀች። ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። «ኧረ በፍጹም! ምንም ቅር አይለኝም በያቸው። ይቺ ጉልበት ለዳገት አልተፈጠረችም!» የኢዳሊናንም እጅ ይዛ ሳመች።

እንግዲህ አስቡት። ኢዳሊና ያዩት የእህታቸው ፊት እየሳቀ እምቢ ሲል ነው።

«አልፈልግም ትላለች» አለች ዴልፊና በፖርቱጋልኛ። «እንዲህ ያለው ነገር አይሆንልኝም ትላለች። እምነቱም የለኝም ነው የምትለው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ከየት አመጣቻት? ውሸት ብቻውን መንገድ አይወጣም ልጆቼ፤ ጓደኛ ይፈልጋል።

ኢዳሊና እጃቸውን ቀስ ብለው ከብሬንዳ ፊት አወረዱ። «እሺ» አሉ።

«እኔ እይዝልዎታለሁ አክስቴ። ጸሎቱንም ዜማውንም አውቀዋለሁ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ ልጄ። በይ ያዢው» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ። ብሬንዳ ግራ ገብቷት፣ «ከፋቸው እንዴ?» ስትል፣ «ደክሟቸው ነው» አለቻት።

ሽንኩርቱን ትቼ ተከተልኳቸው። የሰማሁትን ልነግራቸው ነበር። ጓሮ ከሰማያዊው አበባ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠው ዕንባቸው ያለ ድምፅ ይወርዳል።

«ቤንቪንዶ፣ ከእንግዲህ ምን ይደበቃል» አሉኝ። «ናታሊያ ሕፃን ሆና ትክትክ ይዟት ነበር። ፊቷ እንደዚህ አበባ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ። ያኔም ዘውዱ እዚህ ቤት ነበር። እህቴ ፊቱ ተንበርክካ፣ ‹ይቺን ልጅ ተውልኝ፤ አድጋ በገዛ እጇ ከዚህ ቤት ይዛህ ትወጣለች› ብላ ተሳለች። ልጅቷ ዳነች። ሳታድግ ግን ወሰዷት። እህቴ ስትሄድ፣ ‹ስእለት ሳይከፈል አይወራም፤ አፍሽን ጠብቂ› አለችኝ፣ ጠበቅሁ። ናታሊያም ሳትመለስ ሞተች። የቀረችው ልጇ ናት። እሷ እምቢ ካለች ምን አደርጋለሁ? ዘውድ በግድ አይጫንም።»

«ዴልፊና ብትይዘውስ?» አልኩ።

«ዴልፊና ወርቅ ናት። ግን በእሷ ማን ተሳለ?»

የሰማሁትን ሳልነግራቸው ተውኩት። እኔ ብናገር እውነቱ በእኔ አፍ ይወጣል፤ ዴልፊናም እንደ ሌባ የአያቷን ቤት ጥላ ትወጣለች። ራሷ ብትናገር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እምቢ ካለች እሁድ ጠዋት እኔው ልናገር ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ «ነይ አበባ እናድርስ» ብዬ ዴልፊናን ወደ ዘውዱ ቤት ወሰድኳት። ያቺ እንደ ሠርግ ኬክ በቢጫና በአረንጓዴ የተቀባችው ትንሿ የበዓሉ ጸሎት ቤት ማለቴ ነው። ዴልፊና ደስታዋ ልክ አልነበረውም። መስኮቶቹን እየዳሰሰች፣ ቅርጻቸው ከየት እንደመጣ እያስረዳችኝ፣ ነገ ስለምትለብሰው ነጭ ቀሚስ እያወራችልኝ ነበር። አበባውን መሠዊያው ላይ ካስቀመጥን በኋላ በእንግሊዝኛ ተናገርኳት።

«ሐሙስ ዕለት ማዕድ ቤት ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ ልጄ።»

መጀመሪያ ሰው ሳይሆን መሠዊያው የተናገራት ይመስል ዞራ አየችው። ከዚያ እኔን።

«እርስዎ እንግሊዝኛ...»

«ቱላሪ ከአሥር ዓመት በላይ ነበርኩ። የላሞቹን ስም ሁሉ አውቃለሁ።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ተቆጣች።

«እና ምን ላድርግ? ምን ይሁን ነው የሚሉት?» ድምጿ ጣሪያው ላይ ጮኸ። «ዕድሜዬን በሙሉ ይህችን መንደር ሳስብ ነው የኖርኩት! እሷ ባሏን እየረገመች መጣች፣ ሁሉም ታቀፋት። ምን ስላደረገች? ፊት ስላላት! ፊትን የሠራችው እሷ ናት? እዚያ ንግሥት እሷ፣ እኔ ጭራ ተሸካሚ። እዚህም ንግሥት እሷ፣ እኔ አስተርጓሚ። አንድ ቀን፣ አንድ እሁድ ብቻ ለእኔ ቢሆን ምን ይጎድልባታል? እንዲያውም እኮ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቀውም!»

«ዘውዱ ሽልማት መስሎሽ ነው?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ሕፃኗን፣ ትክትኩን፣ የኤርሜሊንዳን መንበርከክ፣ የኢዳሊናን የተዘጋ አፍ። ዴልፊና እየሰማችኝ ቀስ በቀስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።  ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር እስከ ዛሬ ልቤን ይነካዋል።

«በአባቴስ? በአባቴ ምንም አልተሳሉም?»

«አልተሳሉም። አባትሽ ሲወለድ ጮኸ፣ ጡቱን ጠባ፣ ተኛ። ጤነኛ ልጅ ስእለት የለውም፣ ልጄ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። «ስለዚህ እኔ የጤነኛው ልጅ በመሆኔ ነው።»

«ለአክስትሽ አልነገርኩም» አልኳት። «ይህ ካንቺ አፍ ቢወጣ ይሻላል።» ከዚያ በላይ ምን ልበላት? አቅፌያት ቆየሁና ትቼያት ወጣሁ።

እሁድ ጠዋት መንገዱ በአበባ ተነጥፏል። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ ቀያይ ኮፍያቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። ብሬንዳ ጥላ ሥር፣ ቃል በተገባላት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዴልፊናን ፈለግሁ፣ ግን አላገኘኋትም። ፈራሁ። ልናገር ወደ ኢዳሊና ስራመድ በሩ ተከፈተና ዴልፊና ነጭ ለብሳ፣ ዘውዱን በብር ሣህን ይዛ ከደጃፉ ወጣች። መሣሪያው ጀመረ፣ ሰው ተንበረከከ።

ደፉ ላይ ቆመች። አልተንቀሳቀሰችም። ዜማው ትንሽ ሄደና እንደ ደከመው በሬ አንድ በአንድ ተንገዳግዶ ቆመ።

«ምነው ልጄ፣ ጫማ ጠበበሽ እንዴ?» አለች ዜፌሪና። አንዳንዱ ሳቀ።

ዴልፊና ወደ ብሬንዳ ዞረች። «ዋሽቼሻለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ሐሙስ ዕለት አክስቴ ቤት ቅሪ አላሉሽም። ዘውዱን ያዢልኝ ብለው ለመኑሽ። አያታችን ስለ እናትሽ ተስላ ነው። እናትሽ በሕፃንነቷ ልትሞት ነበር። እኔ ግን አልፈልግም ብላለች አልኳቸው።»

ብሬንዳ ከወንበሩ ተነሳች። ያ ሲስቅ የሚጠፋው ዓይን አሁን አፍጥጦ ነበር።

«ስለ እናቴ?» አለች። «እናቴ በየዓመቱ በዚህ በዓል ተደብቃ ታለቅስ ነበር። ምን ሆነሻል ስላት ምንም ትለኝ ነበር። አንቺ ይህን... አንቺ...» ቃል አጣች። «ከሕፃንነታችን ጀምሮ ነው እኮ የማውቅሽ፣ ዴልፊና! ምን በድዬሽ ነው?»

«ምንም። እነሱ ስለሚወዱሽ ነው።»

ቀጥሎ ዴልፊና ወደ ኢዳሊና ዞራ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ ያንኑ በፖርቱጋልኛ ተናገረች። ቃሏ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ጉድ አለ። ከኋላ አንዱ፣ «አስተርጓሚ ከእባብ ይሻላል ያለው ማን ነበር!» ሲል ዜፌሪና በክርን ደቆሰችው።

ኢዳሊና ደረጃውን ወጡ። በጥፊ የሚሏት መስሎኝ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሙ።

«አሁን የምለውን አንድም ቃል ሳታስቀሪ ንገሪያት» አሉ። «ፊቷን ሳየው እህቴ የመጣች ይመስለኛል በያት።»

ዴልፊና አለቻት።

«ከስንት ዘመን በኋላ እንቅልፍ የወሰደኝ እሷ በዚያ አልጋ ላይ ስለተኛች ነው በያት። የኔ ማር ስላት የከረምኩት ሁሉ ከልቤ ነው በያት።»

ይህንንም አለቻት። እያንዳንዱ ቃል እንደ እሾህ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ይታይ ነበር፤ ግን አላስቀረችም፣ አላሳጠረችም። ብሬንዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እዚህ ቤት ያመጣቻት ደግሞ ዴልፊና ናት በያት። ዴልፊና ባታስበን ኖሮ ማናችሁም አትመጡም ነበር፤ ስእለቱም ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር በያት።»

ዴልፊና ወደ ኢዳሊና ዞረች።

«በያት!»

«አክስቴ፣ ይህን...»

«አንድም ሳታስቀሪ ብያለሁ!»

ሌላውን ሁሉ የተናገረችው ሴት ይቺን መናገር አቃታት። ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች። ሦስተኛው ላይ፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ፣ በሹክሹክታ አለችው። ብሬንዳ መስማቷን በራስዋ ንቅናቄ ገለጠች፣ አልመለሰችላትም። ደረጃውን ወጥታ እጆቿን ዘረጋች። ዴልፊና ሣህኑን ሰጠቻት።

መሣሪያው እንደገና ጀመረ። ብሬንዳ በተራ የአዘቦት ልብሷ፣ ላብ በላብ ሆና፣ እያነከሰች ዳገቱን ጀመረች። ኢዳሊና ከጎኗ ናቸው። ዴልፊና ከኋላ፣ ከሁሉም በኋላ፣ ብቻዋን ነበረች። ጥቂት እንደሄዱ ብሬንዳ ቆመችና ዘወር ሳትል ተጣራች።

«ነይ ክንድሽን ስጪኝ።»

ዴልፊና እየሮጠች መጣች።

«ይቅር አላልኩሽም» አለቻት ብሬንዳ። «ዳገቱ ነው። በዚያ ላይ ቄሱ ሲያናግሩኝ ምን እንዳሉ ማን ይነግረኛል?»

እንዲህ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ቄሱ ዘውዱን ሲጭኑላት ኢዳሊና የተናገሩትን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ «ኤርሜሊንዳ፣ በቃ፣ እረፊ» ነው ያሉት።

ምግቡ ላይ ዴልፊና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ብሬንዳን ከቦ ያበላታል፣ ያስቃታል፣ ይስማታል። ዴልፊና መረቁን ሳትቀምስ ወደዚያ ታያለች።

«አሁንስ ልጄ?» አልኳት።

«አሁንም እቀናለሁ፣ አጎቴ። ያልቃል ብዬ ነበር፤ አላለቀም። እዩዋት፣ ሥጋውን ሁሉ ለእሷ ሰጧት።»

«ትቀኛለሽ። ፊቱን እሷ አልሠራችውም፣ ቅናቱንም አንቺ አልሠራሽውም። ይልቅ ብዪ፣ መረቁ ቀዘቀዘ።»

በላች። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ፣ «ዴልፊና! ነይ፣ ምን እያሉኝ ነው?» የሚል ጥሪ መጣ። ተነፈሰች፣ አፏን ጠረገች፣ ተነስታ ሄደች። ስትነግራት በሩቅ አየኋት። ረጅም ነበር የነገረቻት፤ ሰዎቹ ከተናገሩት ባይበልጥ አያንስም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም በዚህ መንገድ ስታልፉ ብዙ ሰው የኢዳሊናን ቤት እያሳየ፣ «የዋሸችው አሜሪካዊት የከረመችበት ነው» ይላችኋል። ይበሉ። እናንተ ግን ስለ እኔ ብላችሁ፣ ነጩን ልብስ ከለበሰች በኋላ፣ ዘውዱ እጇ ከገባ በኋላ፣ ማንም ሳያስገድዳት ደፉ ላይ የቆመችዋን ዴልፊናን አስቧት።